ባዶ የወጣው የስንዴ ጆንያ

ጥር 9፣ 53 ዓ.ም.፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም መዘንኩ፣ ጻፍኩ። ደብተሬ፣ እስከ ኅዳር ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። የማታ ትምህርት ጨረስኩና አሁን የሚዛን ጸሐፊ ነኝ። ጆሮዬ ላይ የሰካሁት እርሳስ እንዴት እንደሚያምርብኝ ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። የሚጽፍ የለም።

የናዝሬቱ ካሚዮን ቸኩሏል። ስንዴና ገብሱ ተደባልቆ ተደርድሯል፣ መለያ ጊዜ የለም። የሂሳብ ሹሙ አቶ ሰይፉ ሁለት ዓይነት ቅልቅል መዝነህ አምጣ፣ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት በመኪናዬ አወጣዋለሁ አለ። እጀታ ያላት የሂሳብ መኪና አለችው፤ ስትዞር እንደ ወፍጮ ትጮኻለች።

3 ስንዴና 6 ገብስ፦ 780 ኪ.። የቀረው 1 ስንዴና 2 ገብስ። የዚያ ሲሶ አይደል? ምን አደከመኝ፣ 260 ብዬ ጻፍኩ። በቃሌ! ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፍቶ ሳይጨርስ።

ጥር 11

ጉድ። መኪናዋ ፈረደች፦ የገብስ ጆንያ 130 ኪ.፣ የስንዴ ጆንያ ዜሮ። አቶ ሰይፉ ስንዴ ተብሎ የሄደው ገለባ ነው ይላል። ጆንያውን ሞልተው የሰፉት መጋዘን ጠባቂው ጋሽ ቱፋ ናቸው። ካሚዮኑ ሄዷል፣ ከፍቶ ማየት የለም።

ሳቅኩ። ሚዛን ላይ ያወጣሁት እኔ፣ ዜሮ ወገብ አያጎብጥም አልኩት። አልሳቀም። አስልቶ አሳየኝ፦ 6 ጊዜ 130፣ 780። 2 ጊዜ 130፣ 260። ልክ ነው።

ጋሽ ቱፋ ቁልፉን አስረከቡ። ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ሁለቱንም መዝነሃል አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

ጥር 12፣ ከሰዓት

አቶ ሰይፉን አሞካሸሁት፣ ይወዳል። አሠራሩን አሳየኝ።

መኪናዋ ሲሶ አታውቅም። 1ን ለ3 አካፍሎ 33 መቶኛ ላይ ቆረጠው፤ ጭራው ምን ያደርጋል አለ። የላይኛውን የ780 መስመር በዚያ አባዝቶ ከታችኛው የ260 ቀነሰ፤ ስንዴው ተጣፍቷል ብሎ ተወው። ከገብሱ 2 መቶኛ ጆንያ ተረፈ፣ ከኪሎው 2.6። አካፈለ፣ 130፤ ለስንዴው ዜሮ ቀረ።

የተረፈው ግን ገብስ አይደለም። የተቆረጠው ጭራ ነው። በሙሉ ሲሶ ቢሠራ ምንም አይተርፍም ነበር፤ ታችኛው መስመር ያው ላይኛው ነው። አንድ ምስክር ሁለቴ ቢጠራ ሁለት አይሆንም። ስንዴው 100 ገብሱ 80 ቢባልም ልክ ይመጣል። 60ና 100ም። ሞከርኩት።

በመኪናዋ ላላክክ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።

ጥር 13፣ ጠዋት

መኪናዋ ተሳሳተች ብል፣ ሁለተኛው ሚዛን እንዴት ሲሶ ላይ ልክ አረፈ ይለኛል። ከዚያ እርሳሱ ከጆሮዬ ይወርዳል።

ይውረድ። ጽፌያለሁ፦ ሁለተኛውን አልመዘንኩም፣ ከራሴ አካፍዬ ነው። ዜሮው የኔ እንጂ የጋሽ ቱፋ አይደለም። ቁልፋቸው ይመለስ።

ሦስቴ አነበብኩት፣ ግድፈት የለውም። በአሰላ በገዛ እጁ ጽፎ ራሱን ወደ ጆንያ የመለሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቢሮው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ሄድኩ።