የጫልቱ ልጅ ብርድ ልብስ

ሰኞ
ስድስት ቁራጭ ብቻ! ምሽቱን ሙሉ ተቀምጬ በእጄ የገጣጠምኩት ይሄው ነው። ጣቴን ሦስት ጊዜ ወጋሁት። ስልኬ ላይ ያየኋት ሴትዮ ስትሰፋው እንዴት ቀላል ነበር! ለሕፃን ብርድ ልብስ ስልሳ ቁራጭ ጨርቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ባዘቶ መሙላት፣ ገበር ማልበስ። ታናሽ እህቴ ጫልቱ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። በዚህ አያያዜ የሚያልቀው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

መጀመሬን አታውቅም። አምና የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ከተወለደ ወዲህ "እስክወልድ ምንም እንዳትገዙ" ብላናለች። እኔ አልገዛሁም፤ እየሰፋሁ ነው። ራሴን ላታልል።

ማክሰኞ
ከቢሮ ስወጣ ኦቦ ቶሎሳ ጋ ገባሁ። መናኸሪያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉት ጎረቤቴ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን እንዲያስሞክሩኝ ለመንኳቸው።
"ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በይ ልጄ፣ ፔዳሉን እንደ ሚኒባስ ሹፌር አትርገጪው" አሉኝ። ረገጥኩት። ጨርቁ ተጨማደደ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ ስፌቱ እንደ ወንጪ ቁልቁለት ተጠማዘዘ። ስተረትር አመሸሁ ማለት ይቻላል።
"ለማን ነው?" ሲሉኝ "ለትራስ" አልኩ። ለማን ብለውኝ ለትራስ!

ረቡዕ
ቀጥ አለልኝ! ኦቦ ቶሎሳ መርፌው አጠገብ ፕላስተር ለጥፈው "በዚህ ጠርዝ አስኪጂው" አሉኝ። በአንድ ቁጭታ ሃያ ሁለት ቁራጭ።
ቤት ወስጄ ከእጅ ስፌቴ ጋር ሳስተያየው ግን አመነታሁ። የመኪናው ጠንካራ ነው። የእጄ ወልገድገድ ይላል፤ ግን ስሰፋው ለጫልቱ እጸልያለሁ። መኪናው ላይ የማስበው ስለ ጣቴ ብቻ ነው።

ሐሙስ
ወሰንኩ። ቁርጥራጩን በመኪና ጨረስኩት። ገበሩንና ባዘቶውን በእጄ እሰፋለሁ።

ዓርብ
ጫልቱ ሳትደውል ከጌዶ መጣች። ሐኪሙ "ሆስፒታል አጠገብ ሁኚ" ስላላት እስክትወልድ እኔ ጋ ልትቆይ ነው። ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ለመደበቅ አልደረስኩም።
"ት... ትራስ ልሠራ ብዬ" አልኩ።
"ይሄን የሚያክል ትራስ?" አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ልጠቀልለው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተዪው። ይታይ።"

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ መርፌ ጠየቀችኝ። እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ተቀመጥን። የእሷ ስፌት ከእኔ ይበልጣል፤ ያናድዳል።
ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ "ፀጉሩ ብዙ ነበር" አለችኝ። "የማን?" ልል ነበር፤ ገባኝ። ስለ አገጩ ነገረችኝ፣ ስለ ረጃጅም ጣቶቹ። ዓመት ሙሉ ማናችንም ምን ይመስል እንደነበር ጠይቀናት አናውቅም።
ሁለት መስመር ቀርቶናል። "ዛሬ እንጨርሰው?" ብላት "ምን አስቸኮለሽ?" አለችና ሌላ ክር አስገባች።