ከረመዳን በኋላ የጎደለችው አንድ ሰዓት

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዝናብ። ከተማችን ቴቱዋን በረመዳን ሲዘንብባት ሰው ሁሉ ይነጫነጫል። ቢሮ ስገባ አለቃዬ ሲ ሙፈደል ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተኝተዋል። ጾም ነው ይላሉ። እኔስ? ቢሮው የሳቸው ነው፣ ሠራተኛው እኔ ብቻ፣ ማን ይቀሰቅሳቸዋል...

ለኩላሊት እጥበት ማዕከሉ የሠራሁት የቀጠሮ ፕሮግራም ባለፈው ሳምንት ቆሞ ነበር። የኔ ጥፋት አይደለም፤ ሰርቨሩ አርጅቷል። ነርሶቹ ግማሽ ቀን ቀጠሮ ማየት አቃታቸው። ለታማሚዎቹም መልእክት አልሄደም። ዛሬ የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ራጉን ደወሉ። "ከዒድ በኋላ አይቼ እወስናለሁ። እንደዚህ ከሆነ ፕሮግራሙን እንተወዋለን።" የሁለት ዓመት ልፋቴን!

ክላስተር ላይ እናውጣው አልኳቸው ለሲ ሙፈደል። ብዙ ኮምፒውተሮች ተደጋግፈው የሚሠሩበት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን የሚቀበልበት።

"ሠርተሽው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ?"

"በሚቀጥለው ሳምንት ይጠይቁኝ።"

ሳቁ። ግን እሺ አሉ።

ማርች 21፣ ዓርብ

ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኮንቴይነር ውስጥ ጠቅልሎ መላክ ነው፤ ሙሽራ ከነጥሎሿ እንደ መሸኘት። ጠቀለልኩ፣ ላክሁ። ተነሳ፣ ወደቀ። ተነሳ፣ ወደቀ። ቀኑን ሙሉ! ለካ የታማሚዎቹ መረጃ ያለበትን ቦታ የይለፍ ቃል አልሰጠሁትም። ቁልፍ ሳይሰጡት ግባ ቢሉት በየት ይግባ? ጅል ነኝ።

እናቴ የማፍጠሪያውን ሾርባ፣ ሀሪራውን፣ እያቀረበች "ፊትሽ ምን ሆነ?" አለች። ምንም አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት...

ማርች 24፣ ሰኞ

ተነስቶ ቆመ!!! አልወደቀም!

ሦስት ቦታ ሆኖ ይሠራል። አላመንኩም፤ ሆን ብዬ አንዱን አጠፋሁት።

ሲ ሙፈደል ከኋላዬ፦ "ምን አደረግሽ?"

"አንዱን ገደልኩት።"

"አስተግፊሩላህ! በረመዳን?"

"ይኸው፣ ሌላ ተተካ።"

መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። "እንደገና ግደይው እስቲ" አሉ። ገደልኩት። ተተካ። እንደ ልጅ ሳቁ። እኔማ... እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም። ማን አስተማረኝ? ማንም። ራሴ!

ማርች 27፣ ሐሙስ

ከአዲሱ ቦታ የመጀመሪያው መልእክት ለታማሚዎቹ ሄደ። አክስቴ ሩቂያ እዚያው ማዕከል ነው የምትታጠበው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ስልኳን ከአልጋ አልጋ እያስዞረች "የእህቴ ልጅ ጊዝላን ናት የላከችው" ስትል ዋለች አሉ። መርፌ ክንዷ ላይ እንዳለ! ነርሷ ኢሕሳን ተቆጣቻት። የት ሰምታ።

ሁሉም ሰዓት ልክ። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ልክ ነው።

ኤፕሪል 6፣ እሁድ

የዛሬው ዓይነት ቀን ከቶ አይደገም።

ዛሬ ሰዓት ወደፊት ተገፋ። እንደ ልማዳችን፤ ለረመዳን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ ረመዳን ሲያልቅ ወደ ቦታው። የነገ ታማሚዎች መልእክት ምሳ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ሄደ። ወዲያው አክስቴ ደወለች።

"ልጄ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ነይ ይለኛል።"

"ሁለት ሰዓት አይደል እንዴ ቀጠሮሽ?"

"እኔማ ሁለት ነው የማውቀው። ያንቺ ነገር ነው አንድ የሚለው!"

ላፕቶፔን ሳብ አደረግሁ። ከፈትኩ፣ አየሁ። የሁሉም ሰው ቀጠሮ አንድ አንድ ሰዓት ጎድሏል።

ኮንቴይነሩ የሀገራችንን ሰዓት ይዞ አልሄደም፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚይዙትን የዓለም ሰዓት ነው የያዘው። በረመዳን የኛና የሱ እኩል ነው! ስሞክረው ሁሉ ልክ የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ እኛ ወደፊት ሄድን፣ እሱ እዚያው ቀረ። በረመዳን ባልሞክረው በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር።

ነገ ስንት ሽማግሌ በጠዋት ብርድ የተዘጋ በር ላይ ሊቆም ነው? ደግሞ ዶክተሩ ረቡዕ ነው የሚወስኑት...

ሲ ሙፈደል በስልክ፦ "ወደ አሮጌው እንመልሰው፣ ልጄ።"

"አይሆንም።"

"ግትር አትሁኚ!"

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። ካቃተኝ እኔው ራሴ እመልሰዋለሁ።"

የካዛብላንካን፣ ማለትም የሀገራችንን፣ ሰዓት ጨምሬ እንደገና ጠቀለልኩት። ላክሁ። አዲሱ አንድ በአንድ ተነሳ፣ አሮጌው አንድ በአንድ ወጣ። ኢሕሳን በዚያው ደቂቃ የማክሰኞን ቀጠሮ ታስገባ ነበር፤ ምንም አላወቀችም። እርማቱን ለሁሉም ላክሁ። ማንበብ ለማይችሉት ደወልኩ። መጨረሻ ላይ ለዶክተሩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ተስተካክሏል።"

እሳቸው ግን "ረቡዕ እንነጋገራለን" ብለው ዘጉት። እንደዚህ መዝጋታቸው አስጠላኝ።

ኤፕሪል 7፣ ሰኞ

ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የማዕከሉ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ተሳስቶ ከመጣ ቢያንስ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ። አንድ ሽማግሌ መጡ። ሮጥ ብዬ ጠጋ አልኳቸው።

"አባ፣ መልእክቱ አሳስቶዎት ነው?"

"የምን መልእክት? እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ ነው የምመጣው። መስኮት አጠገብ ያለውን አልጋ እንዳይወስዱብኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ሌላ ማንም አልመጣም። ሁሉም በሰዓታቸው መጡ፤ አክስቴም አዲስ ሻርፕ አድርጋ። ኢሕሳን የአልጋ ቁጥርም መልእክቱ ላይ ቢኖር ጭቅጭቅ ይቀንሳል አለችኝ። ሽማግሌውን አሰብኩና እውነቷን ነው አልኩ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ከዶክተር ራጉን ቢሮ መጣሁ።

ሲ ሙፈደል ከጎኔ፣ ክራባት አስረው። ላፕቶፔ ጉልበቴ ላይ። ዶክተሩ ሻይ እየቀዱ ጀመሩ።

"የእሁዱን ራስሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አትቀመጪም ነበር።"

አንገቴን ደፋሁ። እጄ ግን ሥራ ላይ ነበር።

"ኢሕሳን ደግሞ የአልጋ ቁጥር ይግባ ትላለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በፊት እናንተ አንዲት ነገር ለመቀየር ግማሽ ቀን ሥራ ታስቆሙን ነበር። አሁንስ መቼ ነው የምትዘጉን?"

ሲ ሙፈደል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀድሜ ተናገርኩ።

"ገብቷል፣ ዶክተር።"

"ምኑ?"

"የአልጋ ቁጥሩ። አሁን እርስዎ ሻይ ሲቀዱ ላክሁት።"

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ተነስተው ወጡ። ወደ እጥበት ክፍሉ ሲሄዱ ኮቴያቸው ይሰማኛል። ሲ ሙፈደል ክራባታቸውን ይጎትታሉ። እኔ አልፈራሁም። ለምን እፈራለሁ? ሠርቼዋለሁ!

ተመለሱ። ተቀመጡ። ሻዩን በመጀመሪያ ለኔ አቀረቡ፣ ከሲ ሙፈደል በፊት።

"ማሽኖቹ ይሠራሉ፣ ኢሕሳን ትጽፋለች፣ ያንቺ አክስት ታወራለች" አሉ። "ፕሮግራሙ ይቆይ። ቁጥሩ ሲገባ አንድም ሰው ቀና አላለም።"