የዘሃራ ጽጌረዳ

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ልጄ ዘሃራ ሪያድ ከመሄዷ በፊት የተከለችው ጽጌረዳ ቅጠሉ ተጨማዶ እየጠወለገ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ጥቃቅን ተባይ ቢወረው ሰኞ ለት ከጎረቤታችን ከጋሽ ሰይድ መርጫ ተውሼ የሳሙና ውኃ ረጨሁበት። ለካ ስንዴያቸው ላይ የአረም ማጥፊያ ሲረጩበት ከርመዋል፤ እኔ ደግሞ ሳላጥበው ነው የሞላሁት። ዛሬ ጠዋት መጥተው አዩት።

"የአረም መድኃኒት ከነካው እንግዲህ አላህ ያውቃል" አሉኝ።

ዘሃራ ዓርብ ዓርብ በቪዲዮ ስትደውል ገና ሰላም ሳትለኝ "እማዬ፣ አበባዬን አሳዪኝ" ነው የምትለው። ምን ብዬ እንደምዋሻት ሳስብ ዋልኩ። ማታ ስልኩ ጠራ።

በድምፅ ብቻ ነው የደወለችው። ቀስ ብላ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አለችና ዘጋችው። አበባውን አላነሳችውም።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራሁት ስለ አበባው እንዳትጠይቀኝ ነበር፤ አሁን ግን የፈራሁት ለራሷ ነው።