በጤና ጣቢያው ደጃፍ ስላለው የነጠላ ጫማ ቅርጫት

«የእግር ፈንገስን ለመከላከል የጣቶችዎን መሃል ያድርቁ፤ የሌላ ሰው ጫማ አያድርጉ።»

«ጫማዎን እዚህ ያውልቁ። ከቅርጫቱ ነጠላ ጫማ ወስደው ያድርጉ።»

ሁለቱም ማስታወቂያዎች አንድ በር ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ በእርስዎ ማኅተም ተለጥፈዋል።

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ለወይዘሮ ሲሪላክ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ እግርዎ። መጠየቄ ይህ ዝናብ ለማንም የማይራራ ስለሆነ ነው፤ ሆኖም በጓሮው የሠራተኞች በር በራስዎ ጫማ ሲገቡ ስላየሁ ብዙም አልሰጋሁም።

የምጽፍልዎት ስለ እናቴ ስለ ወይዘሮ ላምዱዋን ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስኳር ስላለባት በየወሩ ደሟን ለማስመርመር ወደ እናንተ ትመጣለች።

አንደኛ፣ ስለ ቅርጫቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በክረምት በውስጡ ያሉት ነጠላ ጫማዎች ደርቀው አያውቁም፤ ዓሣ ሻጩም፣ ከሩዝ ማሳ የመጣውም፣ የእግሩ ጥፍር ወፍሮ ቢጫ የሆነውም በየተራ ያጠልቃቸዋል። በዚህ ረገድ በመንደራችን ፍጹም እኩልነት ሰፍኗል።

ሁለተኛ፣ እናቴ የራሷን ንጹሕና ደረቅ ነጠላ ጫማ በፌስታል ይዛ በመጣች ቀን፣ በር ላይ የምትቆመው ካኒታ «እማማ፣ እሱ የውጭ ጫማ ነው፣ ወለሉ ይቆሽሻል። ደግሞ እርስዎ ከሰው የተለዩ ነዎት እንዴ?» ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችባት። ሰው ፊት መከራከር የማትወደው እናቴ ፌስታሏን አጣጥፋ ከቅርጫቱ ወሰደች። ሞተሬን አቁሜ ስደርስ «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ትእዛዝ ነው» ተባልኩ። ትእዛዙ የማን እንደሆነ ከማኅተሙ ስላነበብኩ ልጅቷን አልወቅስም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የእናቴ የእግሯ የትንሿ ጣት ሥር አሳከካት፣ ነጣ፣ ተላጠ፣ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ሌሎች ተህዋስያን ገብተው እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት አበጠ። የአውራጃው ሆስፒታል ሐኪም እንዲህ ያለው ነገር ቢደገም፣ በስኳሩ ምክንያት እግሯን እስከ ማጣት ልትደርስ እንደምትችል ነገረን። ማሳከኩ ቢቆምም ቅባቱን እስከታዘዘው ጊዜ ድረስ እንዳታቋርጥ፣ ፎጣም ሆነ ጥፍር መቁረጫ፣ ጫማም ቢሆን ከማንም ጋር እንዳትጋራ አስጠነቀቃት። ምክሩን የት እንዳነበብኩት ወዲያው ትዝ አለኝ።

አሁን እናቴ ወደ እናንተ ዳግም አልሄድም ብላለች። «ስኳሩ የሚገድለኝ ቀስ ብሎ ነው ልጄ፤ እግሬን ግን በየቀኑ እፈልገዋለሁ» ትላለች። እኔም ሃምሳ ዓመት አልፎኝ በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር መከራከር ደክሞኛል፤ በተለይ ትክክል እሷ ስትሆን።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ሰው የራሱን ንጹሕ ነጠላ ጫማ ይዞ ይግባ፤ ለሌለው ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሰጠው።

ለወለልዎ ንጽሕና ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በትሕትና እየገለጽኩ፣ የእርስዎም የወለሉም ታዛዥ ሆኜ እቀራለሁ።

ዊሩት፣ የመስኖ መሐንዲስ
ከቻኦ ፍራያ ወንዝ ዳር፣ ታይላንድ

ማስታወሻ፦ የእናቴ ቀጠሮ ኦክቶበር 3 ነው። በዚያ ዕለት ወንበር ይዤ መጥቼ ከደጃፉ ውጭ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት አስቀምጣታለሁ፤ ነርሷ ወጥታ ደሟን ትቀዳላታለች። የራሷን ነጠላ ጫማ አድርጋ እንድትገባ ፈቅደው ይህ የማያስፈልግ ከሆነ፣ እስከ ኦክቶበር 2 ድረስ በጽሑፍና በፊርማዎ ያሳውቁኝ።