ሰው ከሆነ ይደግማል

አባዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን ብዬ እንዳልጀምር፣ ሰላም ያጣሁት እኔ ነኝ። አንተማ አርፈሃል። በየካቲት ተለየኸን፣ ይኸው ነሐሴ እያለቀ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ልጽፍልህ ወረቀት እያወጣሁ መልሼ ስከተው ቆየሁ። ዛሬ ግን ለማንም ሳልናገር የቆየሁትን ልነግርህ ተቀምጫለሁና አታቋርጠኝ። መቼም ከእንግዲህ አታቋርጠኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው፣ ግን እንዳለ አይደለም። እማዬ ጃኬትህን ከበሩ ጀርባ አላነሳችውም። ዘንድሮ የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን በስቶ ልክ አንተ ወንበር ላይ ያንጠባጥባል፤ እማዬ ወንበሩን ከማንሳት ይልቅ ባልዲ አስቀመጠችበት። አሁን ወንበርህ ላይ ባልዲ ነው የሚቀመጠው። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃህን በካርቶን ላኩልን፤ መነጽርህን፣ ቀይ እስክሪብቶህን፣ የተማሪዎችህን ስም የምትጠራበትን ደብተር። ደብተሩን እኔ ወስጄዋለሁ፣ ትራሴ ስር ነው ያለው።

ስለ ጉልበቴ ሳትጠይቀኝ መች ታድራለህ። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ ስምንት መቶ ሜትሩን ልጨርስ የመጨረሻው መታጠፊያ ጋ ስደርስ፣ ጅማቴ ሲበጠስ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በክራንች ቤት ስገባ ግን አንተ በሩን የምትዘጋ መስለህ ፊትህን አዞርክና አለቀስክ። አየሁህ እኮ! ከቀዶ ጥገናው በኋላ እማዬ ወጌሻ ካልጠራሁ ብላ ስታስቸግር፣ የዚችን ልጅ እግር የሚያድነው መንገድ ነው ብለህ ከቡና እንጨት ዱላ ጠርበህ ሰጠኸኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር እስከ ማንኪራ ጫካ፣ ከዚያ በእግር ወደ ቀፎዎችህ። ሳምንት በሳምንት አንድ ዛፍ እየጨመርን ነበር የምንሄደው፤ ባለፈው ቅዳሜ ከቆምንበት ዛፍ እስከሚቀጥለው። አልቅት እግሬ ላይ ሲጣበቅ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ። እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ፣ ከሜዳሊያዎቼ ሁሉ ያ ጊዜ ይበልጥብኛል።

ትዕግሥት ብለህ ስም አወጣህልኝ፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። ወተቱ ሳይፈላ የምጠጣ፣ ተኩሱ ሳይሰማ የምነሳ ነበርኩ። አንተም “ስም ብቻ!” እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። አንተ ዘንድ ሁለት ሕግ ነበረ። ክፍል ውስጥ ስም የሚጠራው አንድ ጊዜ ነው፤ አቤት ያላለ ተማሪ አፍንጫህ ስር ቢቀመጥም ቀሪ ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ። አያቴ ያስተማረህን አስተማርከኝ፤ ስምሽ አንዴ ከተጠራ ዝም በይ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ የማይደግመው ሌላ ነው አልከኝ። ሌላው ማን ነው ብዬ ጠየቅኩህ። ትስቃለህ ብዬ ስጠብቅ አልሳቅክም።

ያቺ ቅዳሜ። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ጉልበቴ አብጦ ነበር። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥከኝና ገመድህን ትከሻህ ላይ ጥለህ ተሻገርክ፣ ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ላይ ቀፎ ልትሰቅል። ጉሬዛዎቹ ድንገት ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ቅጠሉን እየቀደደ ወረደ፤ ቅርንጫፍ መሰለኝ። ከዚያ “ትዕግሥት” አልክ። አንድ ጊዜ። ቀና አልኩ። አቤት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እጄ ላይ የወጣ ጉንዳን እያራገፍኩ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልዋሽህም፣ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ነበርና ተቀምጦ መጠበቁን ወደድኩት። ዕድሜ ልኬን ስም ብቻ ስትለኝ ኖረህ፣ በዚያች ቀን ስሜን ሆንኩ። ሁለተኛው ሳይመጣ ሲቀር ተነስቼ እያነከስኩ መጣሁ። ስደርስ ዓይንህ ክፍት ነበር፣ ትንፋሽህ ግን አልነበረም።

በለቅሶው ላይ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልተናገረም ወይ? አልተናገረም አልኳት። ያቺን ውሸት ይዤ ከእማዬ ጋር በላሁ፣ ከእማዬ ጋር ጸለይኩ።

ክረምቱ ሲገባ አሰልጣኜ ደወለና ለመስከረሙ ማጣሪያ ካልደረስሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ አለኝ። አስፋልቱ ለጉልበቴ ይከብዳልና ጭቃውን መረጥኩ፣ ማንኪራን። በዚህ ክረምት ያልሆንኩት የለም አባዬ። ቁልቁለት ላይ ተንሸራትቼ በቂጤ ወርጃለሁ፣ የሞላ ወንዝ ግንድ ይዤ ተሻግሬያለሁ፣ በጉም ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ ስዞር ውዬ የተነሳሁበት ዛፍ ጋ ተመልሻለሁ። ጉልበቴም ይገርምሃል፣ ታዘዘልኝ። ግን ጅረቱ ጋ ስደርስ ጉሬዛዎቹ ዝም ይላሉ፣ ስሜም ይጠራል። አንድ ጊዜ። በአንተ ድምፅ። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ዞሬ እስከ መንደሩ ሮጥኩ፤ አሰልጣኜ ሰዓት ቢይዝልኝ ኖሮ ማጣሪያውን ያኔ አልፌ ነበር።

ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች ሕልም አስመስዬ ነገርኳቸው። አማተቡና የሞተ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም፣ አቤት ያለ አይከርምም አሉኝ። ምላሳቸው አያርፍ፣ ሳይመሽ ለእማዬ ነገሯት። እማዬ የመሮጫ ጫማዬን ደበቀችው። እኔም ፈልጌ አገኘሁት፤ ታውቀኝ የለ።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ ዛፎቹን ውጧቸው ነበር። ስሜ ተጠራ። መሞቴ ከሆነም ቀሪ ተብዬ አልሞትም አልኩና አቤት አባዬ ብዬ ጮህኩ፣ እስከ ወገቤ ገብቼም ጅረቱን ተሻገርኩ። ማንም አልነበረም። ቀፎህ ሳይሰቀል ከዛፉ ስር እንደተጋደመ ሣር ወርሶታል። ገመድህ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል። አንተ በወደቅክበት ቦታ ተቀመጥኩ። ጉሙ ሳሳ ሲል ነው ያየሁት፤ በቡናዎቹ መሃል ያ ድንጋይ፣ የተቀመጥኩበት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊትህ ወደዚያ ነበር። ቀና ስል አይተኸኛል። እንዳስተማርከኝ ዝም ስልም አይተኸኛል። ለመድገም ትንፋሽ አጥተህ ነው ወይስ ልጄ ሕጉን አልረሳችም ብለህ? ይህን ማን ይነግረኛል?

ቤት ስገባ የረጠበ ልብሴን ሳልቀይር ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጠርቶኝ ነበር፣ ዝም አልኩት አልኳት። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ተነስታ ባልዲውን ደፋችና መልሳ ወንበርህ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጓሮ “ትዕግሥት” አለች። አንድ ጊዜ። ከዚያ ጸጥ። እየጠበቀችኝ እንደሆነ ገባኝ። አቤት እያልኩ፣ በባዶ እግሬ፣ ሐኪሙ እንዳትዘይው ያለኝን ደረጃ ዘልዬ ጎመኑ መሃል ደረስኩላት። ምን ልታዘዝ ብላት፣ ምንም፣ መኖርሽን ልወቅ ብዬ ነው አለችኝ። ያኔ ነው ሁለታችንም የተላቀስነው።

ጫማዬን ራሷ አጥባ ሰጠችኝ። ማጣሪያው ቀርቧል፣ የምደርስ ይመስለኛል። ጅረቱ ጋ ግን አሁንም ይጠራል አባዬ፣ ዛሬ ጠዋትም ጠርቷል። አቤት ያለ አይከርምም የሚለው የእትዬ ዘነበች ቃል ከኋላዬ እየተከተለኝ ነው የምሮጠው።

ደብተርህን ገልጬ ከተማሪዎችህ ስም በታች የእኔን ጻፍኩ፣ በቀዩ እስክሪብቶህ። ለዚያች ቅዳሜ ቀሪ አልኩ። እውነት ነውና አልሰርዘውም። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፤ በየትም ጫካ፣ ማንም ሰው፣ ስሜን አንዴ ብቻ ቢጠራ አቤት ብዬ እሮጣለሁ። አንተም ብትሆን አንዴ ይበቃሃል። ግን አባዬ፣ እማዬ ያለ እኔ ማንም የላትም። እባክህ፣ ገና አትጥራኝ።

ቀሪዋ ልጅህ፣
ትዕግሥት