ያልተቆረጠው ጨርቅ

ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። እንደምን ሰነበትክ? እኔ አባትህን ከቀበርን ወዲህ ቀስ በቀስ እየበረታሁ ነው።

«አደራ» የሚለውን ቃል ለመምህሬ በቋንቋቸው ማስረዳት አቃተኝ ብለህ ነበር። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርህ። አባትህ ሳይሞት «ልጄ ሲመለስ ሱፍ ልብስ ስፋለት፣ አደራ» ብሎ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ጨርቅ ሰጥቶት ኖሯል። ሰውየው ብል እንዳይበላው በየወሩ ፀሐይ ያስመታዋል።

«በአባቱ ልክ ቁረጠውና ይለቅልህ» አልኩት።

«እትዬ፣ የእሱን ቦርጭ ልጁ በምን ይሞላዋል? ደግሞም በእጄ ያልለካሁትን አልቆርጥም» አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅኩ።

ለመምህርህ ይህንኑ ንገራቸው።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ሲመችህ ብቅ በል፤ የሰውየው ዓይን እየደከመ ነው፣ ትከሻ ደግሞ በደብዳቤ አይለካም።

እናትህ