በሳጥኑ ክዳን ላይ የጻፍካቸው ዓመታት

አባዬ፣ ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ሞባይል ገዝተንላት ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ዘመድ ሁሉ በአንድ ቀን ታዳርሳለች። የቤቱንም ቆርቆሮ አሳደስን።

እኔ ደግሞ የቤታችንን ታሪክ ልጽፍ ደብተር ይዣለሁ። አይ አባዬ፣ ምን ዓይነት ጣጣ ጥለህብኝ ሄድክ! የልጆችህን የልደት ዓመት በእንጨቱ ሳጥን ክዳን ላይ መጻፍህ ደግ ነበር። ግን ኬንያ የዋልክ ቀን በፈረንጅ፣ ኢትዮጵያ ተሻግረህ የተመለስክ ቀን በሐበሻ አቆጣጠር ስትጽፍ ምልክት እንኳ አላደረግክበትም። በክዳኑ ከሄድን የመጨረሻ ልጅህ ጀማል የእኔ ታላቅ ነው! ይህን ከሰማ ወዲህ ሊያዘኝ ይቃጣዋል።

በዚህስ ሳቅን። ያላሳቀኝ የሙሳ ነገር ነው። ዓመት ሳይሞላው የሞተውን ወንድሜን አዝዬው ትዝ ይለኛል፤ ጀርባዬ ላይ ሲሞቀኝ፣ አንተ ማዘያውን ስታጠብቅልኝ። ክዳኑ ግን ሙሳ ከእኔ ቀድሞ ተወለደ ይላል። እማዬ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ወደ ሌላ ወሬ ስለምትሸሽ አልጠየቅኳትም። ታዲያ ያዘልኩት ማንን ነው? ፈራሁ አባዬ። ከእሱ የቀረችኝ ይህች ትዝታ ብቻ ናት።

ዳበል መንደር ድረስ ሄጄ የልብ ጓደኛህን ኦቦ ጉዮን ጠየቅኳቸው። እሳቸው በዓመት አይቆጥሩም፤ በዝናብና በከብት ነው። ሙሳ የተወለደው የኦዳው ጉድጓድ ደርቆ ውሃ ከሩቅ በተቀዳበት በጋ ነው አሉኝ፤ ያን በጋማ አስታውሰዋለሁ፤ እኔም ትንሽ ጀሪካን ይዤ ሴቶቹን እከተል ነበር። ለካ የእሱን በሐበሻ፣ የእኔን በፈረንጅ ጽፈኸው ኖሯል! እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ክዳኑን አልነካሁትም፤ የእጅህ ጽሑፍ ነው። በደብተሬ ላይ ቁጥሮችህን እንዳሉ ገልብጬ፣ በየጎናቸው «ገደማ» ብዬ፣ ማን እንደነገረኝም ጻፍኩ። ያንተን ልደት ግን ኦቦ ጉዮም አያውቁትም። መታወቂያህ ላይ ያለውን ቀን ቢሮ ውስጥ እንደሰጡህ ራስህ ስቀህ ነግረኸኛል፤ ስለዚህ «አይታወቅም» አልኩ። አትቀየመኝ።

የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ እናንተን ግን እስካለሁ አልረሳም። በሙሳ ስም ትይዩ «ታላቅ እህቱ አዝላዋለች» ብዬ ጽፌያለሁ። እዚያ ላይ «ገደማ» አላልኩም።

ልጅህ ዘሀራ